ክኒንን እንደ ጾም ቀዷ ያወጣሁበት ዓመት

ሕመሜ የጀመረው ከጫማዬ ነው። ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ጫማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠበበኝ። ማሰሪያውን ፈትቼ ሱቄ ውስጥ እግሬን እየጎተትኩ ዋልኩ። ማታ እግሬን በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ባለቤቴ ሃዋ አየችውና፣ "ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስለምትውል ነው" አለችኝ። እኔም ያንኑ አምኜ ተኛሁ።

ከድር እባላለሁ። አሰላ ገበያ ዳር አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ሻሽና ሽርጥ ስሸጥ ሸብቻለሁ። በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ ሰባን ሊነካ ነበር፤ እሱም በግምት ነው፣ የተወለድኩበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቀድሞኝ ሞቷል። ይህን የምጽፈው አዋቂ ሆኜ አይደለም። እንደ እኔ ያረጀ፣ እንደ እኔ በየቀኑ መድኃኒት የሚውጥ፣ እንደ እኔም ግትር የሆነ ሰው ካለ፣ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ አይቶ ዞሮ እንዲያልፍ ብዬ ነው።

ከሱቄ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ዳገት ነው። ከተማችን ጭላሎ ሥር ስለተቀመጠች መንገዷ ሁሉ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ያንን ዳገት ዕድሜዬን ሙሉ ስወጣው ኖሬ፣ ዳገት መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው። መሐል ላይ ስደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሰው እያየኝ ቆሜ ማለክለክ ስላሳፈረኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ ሰላምታ ማስረዘም ጀመርኩ። ስለ ከብቱ ጠይቄ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቄ፣ የገብሱን ነገር ጠይቄ እስክጨርስ ትንፋሼ ይመለሳል። "ከድር ዘንድሮ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ ሰው ወዳድ የሆነው?" ብለው ሲያሙኝ ሰምቻለሁ።

ቀጥሎ መተኛት አቃተኝ። በጀርባዬ ጋደም ስል ውሃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ትራስ በትራስ ላይ ደርቤ ተቀምጬ ማደር ሆነ። ሃዋ አጠገቤ ሆና እስትንፋሴን ታዳምጣለች፤ ዝም ያልኩ ሲመስላት በክርኗ ትነካኛለች። "አለሁ" እላታለሁ። ሁለታችንም ፈርተን ነበር። ግን ስለ ፍርሃታችን አናወራም፣ የምናወራው ስለ ትራሱ ነው።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "እርጅና ነው።" የሰፈራችን ድሬሰር ቁርጥማት ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበትም ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። መርፌው ሲገባልኝ ደስ አለኝ፤ እኛ ዘንድ መርፌ ያልተወጋ ሰው ታክሜያለሁ ብሎ አያወራም። እግሬ ግን እንዳበጠ ቀረ። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ብርድ ነው፣ ፍል ውሃ ውረድ አለችኝ። ወርጄ ተነከርኩ። ሙቀቱ ልቤን ያዘልለው ጀመርና ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው አወጡኝ። እርጅና ብቻህን ና ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ልጄ ጀማል ቆረጠ። ጀማል አብሮኝ ሱቅ የሚሠራው የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ቃል የሚያባክን ሰው አይደለም። "አባ፣ ነገ ናዝሬት እንሄዳለን። ሎንቺናው ላይ ቦታ ይዤልዎታለሁ" አለኝ። እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ለእምቢታው የሚሆን ትንፋሽ አልነበረኝም።

ናዝሬት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ከበቆጂ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ ተነሥተው መስኮቱ ዘንድ ያለውን ቦታቸውን ሰጡኝ። "እኔ የታመምኩት ጉልበቴን ነው፣ አየር አይፈልግም" አሉኝ። ጉልበታቸውን የታመሙ ሰው ለእኔ ብለው ቆመው ዋሉ። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ተራቸው ደርሶ ገቡ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። አጠገቡ አስተርጓሚ አለ፤ ከሸዋ የመጣ ፈጣን ልጅ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ እግሬን ተጫነ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ሥር እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ አስተርጓሚው፣ "ልብዎ ደክሟል ይላል" አለኝ።

"ሥራ ልቀንስ?"

"እርስዎ ቢያርፉም ልብ አያርፍም። የሚያግዘው መድኃኒት ይሰጥዎታል።"

ከአንድ ቅጠል የሚሠራ ትንሽ ነጭ ክኒን ነበር። ሐኪሙ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ጨው ቀንስ፣ ከባድ አታንሣ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተቀመጥ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን የመጨረሻው ነው፤ "ጠዋት ጠዋት አንድ። አንድም ቀን እንዳይታለፍ።" አስተርጓሚው ጣቱን አንሥቶ ደገመልኝ። እኔም እንደ ቃል ኪዳን ተቀበልኩት።

ክኒኑን በጀመርኩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰው ሆንኩ። እብጠቱ ጎደለ፣ ትራሱ ተቀነሰ፣ ዳገቱን ሰላምታ ሳልለምን መውጣት ቻልኩ። ሃዋ ወጡን ያለ ጨው ስትሠራልኝ ብቻ እጣላታለሁ። "ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው" ስላት፣ "አንተስ ምንድን ነህ?" ትለኛለች። በሽተኛ ነኝ ብዬ አላምንም ነበር። ድኛለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ረመዳን የገባው በዚህ መሐል ነው። እዚህ ላይ የእኔን ነገር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ሃይማኖታችን ለበሽተኛም ለመንገደኛም ጾሙን ያቆይለታል፤ ሲድን ወይም ከመንገዱ ሲመለስ ያለፈውን ቀን በሌላ ቀን ይጾማል። ይህን ቀዷ ማውጣት እንለዋለን። ዳግመኛ መጾም የማይችል ደካማ ሽማግሌ ግን ጾሙ ጨርሶ ይቀርለታል፣ በፋንታው ድሃ ያበላል። እኔ ያ ሰው መሆን አልፈለግሁም። ሽማግሌ መሆንና መጃጀት ሁለት ነገር ናቸው። ሽማግሌ ስትሆን ለዕርቅ ይጠሩሃል፤ ጃጅቷል ሲሉህ ግን ልጅህን ነው የሚጠሩት። ጾም የቀረለት ሰው ነገ ምክሩም ይቀርለታል ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ጾምኩ። ሃዋ፣ "ክኒኑን ሱሁር ላይ ዋጠው፣ ሳይነጋ" ብላኝ ነበር።

"ሐኪሙ ጠዋት ነው ያለው" አልኳት። "ሰዓቱ ያልደረሰ ሶላት ይሰገዳል?"

"ክኒን ሶላት ነው እንዴ?"

"አንድም ቀን አይታለፍ የተባለ ነገር ግዴታ ነው። የግዴታ ሕጉ አንድ ነው። ያለፈኝን ከዒድ በኋላ ቀዷ አወጣዋለሁ።"

ሃዋ ክኒኑን መልሳ አስቀመጠችው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ነገሩ ለእሷም ትክክል መስሏት ነበር። በቤታችን ከእኔ የተሻለ ሕግ አዋቂ አልነበረም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

በጾሙ መጨረሻ ጫማዬ እንደገና ጠበበኝ፤ ትንፋሼም አጠረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሮጥ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ያለፉኝ ክኒኖች ናቸው። "አየሽ፣ ዕዳው ነው የያዘኝ" አልኳት። ዒዱ እንዳለፈ ጀመርኩ። ጠዋት የዕለቱን እውጣለሁ። ቀትር ላይ ቀዷ አንድ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዕዳው ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ ማታም እጨምራለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው።

የሚያሳስተው ነገር፣ መጀመሪያ ላይ ተሻለኝ። እግሬ ጎደለ። ይህን ስላየሁ በትክክለኛው መንገድ ላይ እንዳለሁ አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ምግብ አስጠላኝ። ቅቤ ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል። ሃዋ በደግነቷ ወተት ብቻ ታጠጣኝ ጀመር። አንድ ቀን ወተቱን ተቀብዬ አየሁትና መለስኩላት።

"ለምን እርድ ጨመርሽበት?"

"የምን እርድ?"

"ቢጫ ነው እኮ።"

ሃዋ ወተቱን አየች፣ እኔን አየች። "ነጭ ነው፣ የጀማል አባት" አለችኝ ቀስ ብላ። ተቆጥቼ ተነሣሁ፤ ቤት ውስጥ የሚያታልሉኝ መሰለኝ።

እንግዲህ ጨርቅ ነጋዴ ዓይኑ ከጠፋ ምን ቀረው? በእጄ ዳብሼ የድሩን ብዛት እነግርህ ነበር፤ በዓይኔ አይቼ ዝናብ የነካውን ጣቃ ካልነካው እለየዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ሱቄ ውስጥ ያለው አቡጀዲ ሁሉ ቢጫ ሆነብኝ። የፋኖስ መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል። ጀማልን ስጠራ በሞተው በወንድሜ ስም እጠራዋለሁ። እሱ ግን ሳያርመኝ "አቤት" ይለኛል።

አንድ ጠዋት ከላይ ከገጠር አንድ ገበሬ መጣ። ቱፋ ይባላል፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። "አባ ከድር፣ እናቴ ሌሊቱን አለፈች። የከፈን ጨርቅ ስጡኝ" አለኝ። ከፈን ማለት ሬሳ የሚጠቀለልበት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ነጭ መሆን አለበት። አዲስ የገባውን ጣቃ አውርጄ ዘረጋሁለት። እንደ ሽሮ ቢጫ ነው።

"ይሄ አይሆንም" አልኩት።

"ምን ሆነ?"

"ቢጫ ነው። እናትህን ቢጫ አልብሰህ ልትቀብር ነው?"

ቱፋ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ነካው። "አባ፣ ነጭ ነው" አለ።

ሌላ ጣቃ አወረድኩ። እሱም ቢጫ ነው። ሦስተኛውንም። ያኔ ጀማል ከጓዳ ወጣ፤ እኔም ደጃፉ ላይ የቆመው ገበያተኛ ሁሉ እየሰማ፣ "ውሃ የገባበት ዕቃ ገዝተህ ሱቄን ገደልከው" ብዬ ጮህኩበት። ጀማል አንገቱን ደፋ። ቱፋ፣ "እናቴ ትጠብቀኛለች" አለና ወጥቶ ከጎረቤቴ ከጋሼ ወልዴ ሱቅ ገዛ። ወልዴ የገዛው ጨርቅ ከእኔው ጋር አንድ ቀን፣ በአንድ መኪና የመጣ ነው።

ማታውን ጋሼ ወልዴና የመስጊዳችን ሼህ ተያይዘው መጡ። ወልዴ ከሰባት ቤት ጉራጌ መጥቶ አጠገቤ ሱቅ የከፈተው ሁለታችንም ጎረምሶች ሳለን ነው። በበዓሌ በበዓሉ ተጠያይቀናል፣ ተበዳድረናል፣ ተጣልተን ታርቀናል። ሌላ ሰው ሲጣላ ሁልጊዜ ለሽምግልና አብረን ነበር የምንሄደው። ለእኔ ሲመጣ ሳየው ነገሩ ገባኝ።

"ከድር ወንድሜ፣" አለኝ፣ "ትንሽ ዕረፍ።"

"ጃጅቷል ብለህ ነው የመጣኸው?"

"ደክመሃል ብዬ ነው።"

ሼሁ፣ "እድሜ የአላህ ነው። ልጅዎ ታማኝ ነው። የሱቁን ቁልፍ ይስጡትና ቤትዎ ተቀምጠው ዱዓ ያድርጉልን" አሉ።

የተቃወምኩ እንዳይመስላችሁ። ልቃወም የሚያስችል ነገር ከየት ላምጣ? የወልዴ ፊት ራሱ ቢጫ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። አእምሮዬ ከእኔ እየሄደ እንደሆነ እኔም አመንኩ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለጀማል ሰጠሁት። እጄን ስሞ ሲቀበለኝ አለቀስኩ። ልጄም አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሃዋ ከእኔ የከፋ ነበር። ስነሣ ራሴን ስለሚያዞረኝ እጄን ይዛ ደጅ ታወጣኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች። እሷም ልጅ አይደለችም፤ ወገቧ የታመመ ሴት ናት። ስትደግፈኝ ሁለታችንም ግድግዳ እንይዛለን። ድሬሰሩ መጥቶ የእጄን ትርታ ያዘና፣ "ለእርጅና መድኃኒት የለውም" አለ፤ ለማበርታት ያህል መርፌ ወግቶኝ ሄደ። እኔ ግን አንድ ነገር አልረሳም ነበር። የልጄን ስም እረሳለሁ፣ ክኒኔን አልረሳም። ቀዷውንም ጭምር። ሃዋ በትጋት በውሃ ታቀብለኝ ነበር።

ያተረፈን ትጋቷ ነው። ቀዷው ሳያልቅ ክኒኑ አለቀ። "አንድም ቀን እንዳይታለፍ" የተባለውን ስለምታውቅ ደነገጠች። ጀማል በነጋታው ሱቁን ዘግቶ እስከ መኪናው አዘለኝ። የአርባ ዓመት ሰው አባቱን አዝሎ በገበያ መሐል ሲያልፍ ሰው መንገድ ለቀቀልን። ኢተያን አልፈን ዴራ ስንደርስ ሙቀቱ በረታ፤ እኔ መስኮቱ ላይ እያስመለስኩ ሃዋ ግንባሬን ይዛልኝ ነበር።

ሐኪሙ ያው ፈረንጅ ነው፣ አስተርጓሚውም ያው ልጅ። ሐኪሙ እጄን ይዞ ትርታዬን ቆጠረ፤ ፊቱ ተለወጠ። እንደገና ቆጠረ።

"ክኒኑን በቀን ስንት ይውጣሉ?" አለኝ አስተርጓሚው።

"አንድ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንድም ቀን አላለፍኩም።"

አልዋሸሁም። የዕለቱ ክኒን አንድ ነው። ዘንድሮ ስንት ቀን ጾምክ ቢሉኝ፣ ያለፈውን ዓመት ቀዷ ደርቤ አልናገርም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረው። አስተርጓሚው ወደ ጀማል ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ "እድሜያቸው ገፍቷል፣ አእምሯቸውም ደክሟል። ልባቸው በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ቤት ወስዳችሁ..." ሲል ሃዋ ከበሩ ሥር ተናገረች።

"የቀዷውንም ንገራቸው እንጂ" አለችኝ።

"እሱን ምን አገባቸው?"

"ሐኪም አይደሉ? ይወቁት።"

አስተርጓሚው ቀና አለ። "ቀዷ ምንድን ነው?"

ሃዋ ነገረችው። በጾሙ ወር ያልተዋጠውን፣ ከዒድ በኋላ ቀትር ላይ የሚዋጠውን፣ ማታ የሚጨመረውን አንድ በአንድ ነገረችው። ቀዷው ሊያልቅ ትንሽ እንደቀረውም ነገረችው፤ ደስ እንዲለው ብላ። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ። ለሐኪሙ ሲያስተረጉም ሐኪሙ አሁንም እጄን እንደያዘ ነበር፤ አልለቀቀኝም፣ ጠበቅ አደረገኝ።

የልብን ጉልበት የሚጨምረው ያ ቅጠል ሲበዛ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው። ነጩን ቢጫ አድርጎ የሚያሳየው፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ ሐሳብ የሚያምታታው እሱ ነው። ሐኪሙ ያስረዳኝ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ሽማግሌ ሁሉ ቢሰማው እወዳለሁ። መድኃኒት በወጣት ሰውነት ውስጥ እንግዳ ነው፣ አድሮ ይሄዳል። በሽማግሌ ሰውነት ውስጥ ግን ኩላሊት ስለሚደክም ቶሎ አይወጣም፤ የትናንቱ ሳይሄድ የዛሬው ይደረብበታል። ያለፈ ክኒን ደግሞ አልፏል። ቀዷ የለውም።

ሕክምናው መድኃኒት ማቆም ብቻ ነበር። አስተኝተው እየጠበቁኝ ትርታዬን ይቆጥራሉ። ሃዋ አልጋዬ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ተኛች፤ አንዲት ነርስ መሬቱ ቀዝቃዛ ነው ብላ ትርፍ ብርድ ልብስ አመጣችላት። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ረሃብ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሃዋ አጎንብሳ ጫማዋን ታጠልቃለች። ሻሿ ነጭ ነበር። ደጋግሜ አየሁት።

"ሻሽሽን አጠብሽው?" አልኳት።

"ከቤት ከወጣን አላጠብኩትም" አለችኝ። ከዚያ ገባትና ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ወደ አሰላ ስመለስ ያው እኔ ነኝ ብዬ ማውራት አልችልም። ልቤ አሁንም የደከመ ነው፣ ድካሙም አይድንም፤ ተንከባክበው ያቆዩታል እንጂ። ሐኪሙ ክኒኑን መጠኑን ቀንሶ መልሶ አዞልኛል፤ አሁን የምትይዘው ሃዋ ናት፣ ጠዋት አንዱን መዳፌ ላይ ታኖርልኛለች። አንዳንድ ቀን "ዛሬ አልሰጠሽኝም" ብዬ እከራከራታለሁ፣ "ሰጥቼሃለሁ" ትለኛለች፣ እሷም ልክ ናት። እንደ ሕፃን መዳፌን መዘርጋት መጀመሪያ አሳፍሮኝ ነበር። ጀማልን ሰው ፊት እንዳዋረድኩት ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። የሱቁን ቁልፍ ሊመልስልኝ ቢመጣ አንተው ጋ ይሁን አልኩት፤ ጠዋት ጠዋት እሄድና ጨርቅ እለይለታለሁ፣ ድካም ሲሰማኝ እመለሳለሁ። ጋሼ ወልዴ ደግሞ እስከ ዛሬ፣ "ከድር፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?" እያለ ያላግጥብኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ በሽታዬን አልደበቅሁም፣ የደበቅሁት የምውጠውን ነው፤ መደበቄንም አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የታዘዛችሁትን ሳይሆን በእጃችሁ ወስዳችሁ በአፋችሁ ያደረጋችሁትን ሁሉ ንገሩት፤ ኮሶውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ከጎረቤት የተለመነውንም ክኒን። የሚያስታምማችሁም ሰው አብሯችሁ ይግባ። ሽማግሌ ያላችሁ ልጆች ደግሞ "እርጅና ነው" ከማለታችሁ በፊት፣ ዛሬ ምን ዋጡ ብላችሁ ጠይቁ።

በዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ራሴ ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ጾሜ ሳልጠጣና ሳልውጥ መዋል እንደማልችል፣ ይህም እስከ ዕለተ ሞቴ እንደሆነ።

"እንግዲያው ጾሙ ቀርቶልዎታል" አሉኝ። "ለየቀኑ አንድ ድሃ ያብሉ።"

"ቀዷስ?"

"ለእርስዎ ቀዷ የለም፣ አባ ከድር። አልቋል።"

ቀስ ብዬ ዳገቱን ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተለየኝ ነገር ያን ዕለት ተለየኝ፤ የሞተ ሰው ያህል አዘንኩለት።

የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ሃዋ ጾማ ክኒኔን ሰጠችኝ። ቀትር ላይ ገንፎ አገንፍታ አመጣችልኝና መንገድ ዳር ያለውን በር ልትዘጋ ሄደች።

"ተይው" አልኳት።

"ሰው ያይሃል።"

"ይየኝ። የተፈቀደልኝን ነው የምበላው። ደብቄ ከበላሁ ሌባ ሆንኩ ማለት ነው።"

በሩን ትታው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ጎረምሳ በደጃፋችን ሲያልፍ ሰላም ሊለኝ ዞሮ ማንኪያዬን አየ። ግራ ገባው። "አባ፣ ዛሬ ጾም አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"ለአንተ አዎ። እኔ ጾሜን ጨርሻለሁ" አልኩትና ሁለተኛውን ጎረስኩ።